ትምህርት ዐሥራ ሦስት፦ ምርጫን ከነምክንያቱ የሚያስረዳ ድርሰት

ሀ. መግቢያ

ባለፉት ትምህርቶች የአንድን ነገር መልክ ለአንባቢ የሚያሳይ ስዕላዊ ድርሰትና አንድን ድርጊት በቅደም ተከተል የሚያወሳ ተራኪ ድርሰት እንዴት እንደሚጻፉ ተመልክታችኋል። በዚህ ትምህርት ደግሞ ከሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ ነገሮች መካከል አንዱን መርጠን፣ የመረጥንበትንም ምክንያት የምናስረዳበትን የድርሰት ዐይነት እናጠናለን።

ሰው በየቀኑ ይመርጣል። ገበሬው ዘር ይመርጣል፤ ነጋዴው ሸቀጥ ይመርጣል፤ ተማሪውም ወደ ፊት የሚሰማራበትን የትምህርት መስክ ይመርጣል። ይሁን እንጂ መምረጥና ምርጫን ማስረዳት አንድ አይደሉም። «ይህ ይሻላል» ብሎ መናገር ለማንም ቀላል ነው፤ «ለምን? ለማን? በምን ጊዜ?» ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ መስጠት ግን ማሰብን ይጠይቃል። ሁሉን ነገር በእኩል የሚያሟላ ዕቃ የለም። ስለዚህ አንዱን ስንመርጥ ከሌላው የምናገኘውን ጥቅም እንተዋለን። መልካም ደራሲ ያገኘውን ብቻ ሳይሆን የተወውንም ጭምር ለአንባቢው ይናገራል።

ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ ስለ ተራራ ብስክሌት ጫማ የሚያስረዳ ነው። ርእሱ የተመረጠበት ምክንያት አለው። ከዚህ ጫማ የሚጠበቁት ሁለት አገልግሎቶች እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ስለሆኑ፣ መምረጥና መተው እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ጎልቶ ይታይበታል። ምንባቡን በመጀመሪያ አንድ ጊዜ ሳታቋርጡ፣ ቀጥሎም እርሳስ ይዛችሁ በጥሞና አንብቡ። በምንባቡ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ለ. ምንባብ

ለመንዳትም ለመራመድም የሚሆን ጫማ

1. የተራራ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሁልጊዜ በብስክሌቱ ላይ ተቀምጦ አይውልም። ዳገቱ እጅግ ሲከብደው ይወርዳል፤ ጎርፍ የሸረሸረው መንገድ ሲያጋጥመው ብስክሌቱን ተሸክሞ ይሻገራል፤ ጎማው በእሾህ ተበስቶ መጠገኛ ቢያጣ ደግሞ እየገፋ እስከ ቅርቡ መንደር ይጓዛል። በመሆኑም የአንድ ቀን ጉዞው ከፊሉ መንዳት፣ ከፊሉም መራመድ ነው። ጫማውም ሁለት ጌቶችን እንዲያገለግል ይገደዳል።

2. ይህ ችግር ከስፖርቱ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በስተሰሜን በሚገኘው በማሪን አውራጃ የሚኖሩ ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌ ብስክሌቶች እየጠገኑ በተራራ ቁልቁለት ይነዱ ጀመር። በ1976ም «ሪፓክ» የተባለውን የቁልቁለት ውድድር አካሄዱ። ስያሜው የመጣው ከፍሬኑ ነው። በኋለኛው ጎማ እምብርት ውስጥ ያለው ፍሬን በቁልቁለቱ እየጋለ ቅባቱ ስለሚቃጠል፣ ፍሬኑን ፈትቶ እንደገና ቅባት መሙላት ያስፈልግ ነበር። ወጣቶቹ በዚያን ጊዜ ለዚህ ስፖርት ተብሎ የተሠራ ጫማ ስላልነበራቸው ጂንስ ሱሪ ለብሰውና የሥራ ቦት ጫማ ተጫምተው ይነዱ ነበር። ቦት ጫማው ለመንዳት ከባድ ቢሆንም ብስክሌቱን እየገፉ በድንጋያማ ዳገት ለመውጣት ያገለግላቸው ነበር።

3. የመንዳትና የመራመድ ፍላጎት የሚለያየው ከእግር እንቅስቃሴ የተነሣ ነው። ስንራመድ በመጀመሪያ ተረከዛችን መሬት ይነካል፤ ቀጥሎም የሰውነታችን ክብደት ወደ ፊት ይተላለፋል፤ በመጨረሻ እግራችን ከጣቶቹ ሥር ታጥፎ መሬቱን ወደ ኋላ ይገፋል። ስለዚህ ለመራመድ የሚሆን ሶል ከጣቶች ሥር መታጠፍ አለበት። ፔዳል ስንረግጥ ግን እግራችን እንዲህ እንዲታጠፍ አያስፈልግም። ጉልበታችን ሁሉ የሚያርፈው በአንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ሶሉ ለስላሳ ከሆነ ፔዳሉ ውስጥ እግራችንን እየቆረቆረ ያደነዝዘዋል፤ ሶሉ ግትር ከሆነ ግን ግፊቱ በሰፊው ስለሚከፋፈል ረጅም ሰዓት ብንነዳም እግራችን አይታመምም። እንግዲህ ለመራመድ የሚበጀው ተጣጣፊነት ለመንዳት ጉዳት፣ ለመንዳት የሚበጀውም ግትርነት ለመራመድ እንቅፋት ይሆናል።

4. ብስክሌተኞች እግራቸው ከፔዳል እንዳይንሸራተት ልዩ ልዩ ዘዴዎችን ሲሞክሩ ኖረዋል። በ1984 ሉክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ፣ በበረዶ መንሸራተቻ ላይ ጫማን አጥብቆ የሚይዘውን መሣሪያ መነሻ በማድረግ፣ ጫማን ከፔዳል ጋር የሚቆልፍ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። በሚቀጥለው ዓመት ፈረንሳዊው በርናር ኢኖ በዚሁ ፔዳል እየነዳ የቱር ደ ፍራንስን ውድድር አሸነፈ። ይሁን እንጂ መሣሪያው የተበጀው ለአስፋልት መንገድ ነበር። ከሶሉ ሥር የሚታሰረው መቆለፊያ ትልቅና ወደ ውጭ የወጣ በመሆኑ፣ ከብስክሌቱ የወረደው ሰው እየተንገዳገደ እንዲራመድ ያስገድደዋል። በ1990 የጃፓኑ ሺማኖ ኩባንያ ለተራራ ብስክሌት የሚሆን ሌላ መሣሪያ አወጣ። በዚህኛው፣ መቆለፊያው በሁለት ብሎን የሚታሰር ትንሽ የብረት ቁራጭ ሲሆን፣ የሚቀመጠውም በሶሉ ጥርሶች መካከል በተተወ ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ ነው። ብስክሌተኛው ተረከዙን ወደ ውጭ ሲያዞር ቁልፉ ይለቃል፤ መሬት ሲረግጥም አስቀድሞ ድንጋዩን የሚነካው የሶሉ ጎማ እንጂ ብረቱ አይደለም።

5. ሁለተኛው መንገድ ምንም ዐይነት መቆለፊያ በሌለው በዝርግ ፔዳል መጠቀም ነው። በዝርጉ ፔዳል ላይ ትናንሽ የብረት እሾሆች ተተክለዋል፤ ጫማው ደግሞ ሰፋ ያለና ለስላሳ የጎማ ሶል አለው። እሾሆቹ ጎማውን ሰርስረው ስለሚይዙት እግር በቀላሉ አይንሸራተትም፤ ብስክሌተኛው ሚዛኑን ሲስት ግን እግሩን በቅጽበት አንሥቶ መሬት መርገጥ ይችላል። በዚህ ዐይነቱ ጫማ ከታወቁት አንዱ በ1985 በካሊፎርኒያ የተመሠረተው ፋይቭ ቴን ነው፤ ጎማውን በመጀመሪያ ያዘጋጀው ቋጥኝ ለሚወጡ ስፖርተኞች ጫማ ነበር። ዝርጉ ጫማ በደረቅ መሬትና በድንጋይ ላይ ለመራመድ እጅግ ይመቻል። ነገር ግን የሶሉ ጥርሶች አብዛኛውን ጊዜ ጥልቀት ስለሌላቸው በጭቃ ላይ ያንሸራትታሉ፤ ለስላሳው ጎማም ቶሎ ያልቃል።

6. እንግዲህ ገዢው በጫማ መደብር ውስጥ ምን ይመልከት? በመጀመሪያ የጫማውን ተረከዝና አፍንጫ በሁለት እጁ ይዞ አጥፎ ይሞክረው። ጫማው መታጠፍ የሚገባው ከጣቶች ሥር ነው፤ ከወገቡ ላይ የሚታጠፍ ጫማ ግን ለመንዳት አይበጅም፤ በድንጋይ ላይም እግርን ያደክማል። ሁለተኛ፣ ጫማውን ገልብጦ ሶሉን ይመርምር። ጥርሶቹ ጥልቅና የተራራቁ ከሆኑ ጭቃ አይቋጥሩም፤ ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠሩ ከሆኑ ግን በእርጥብ ድንጋይ ላይ ያንሸራትታሉ። የሚቆልፍ ጫማ የሚገዛ ከሆነም፣ ብረቱ ከታሰረ በኋላ ጫማውን በጠፍጣፋ ወለል ላይ አቁሞ ብረቱ ወለሉን መንካት አለመንካቱን ያረጋግጥ። ሦስተኛ፣ ጫማውን ተጫምቶ ደረጃ ይውጣ፤ ይውረድም። ሲወጣ ተረከዙ ከጫማው እየተላቀቀ የሚነሣ ከሆነ እግሩ ይላጣል፤ ሲወርድ ጣቶቹ ከጫማው ጫፍ ጋር የሚጋጩ ከሆነ ጥፍሮቹ ይጎዳሉ። እግር እስከ ማታ በመጠኑ ስለሚያብጥ፣ ልኩን ከሰዓት በኋላ፣ ለጉዞ በሚያጠልቀው ካልሲ መለካቱ ይመረጣል። በመጨረሻም የማሰሪያው ጫፍ በሰንሰለት እንዳይያዝ የሚሸጎጥበት ቦታ ያለው መሆኑን ይመልከት።

7. ስለ ሶል ይህን ያህል መጨነቅ ከንቱ አይደለም። በ1935 በጣሊያን አልፕስ ተራሮች ላይ ስድስት ተራራ ወጪዎች ሞቱ፤ ለሞታቸውም አንዱ ምክንያት ጫማቸው ለቦታው የማይስማማ መሆኑ ነው ተባለ። ጓደኛቸው የነበረው ቪታሌ ብራማኒ ከዚህ ሐዘን ተነሥቶ በ1937 ጥልቅ ጥርሶች ያሉት የተራራ ጫማ የጎማ ሶል ሠራ። ቪብራም የተባለው የሶል ዐይነት ስሙን ያገኘው ከዚህ ሰው ስም ነው። ይህ ሶል ዛሬ በተራራ ወጪዎች ጫማ ብቻ ሳይሆን በአንዳንድ የብስክሌት ጫማዎችም ላይ ይገኛል።

8. ለመሆኑ የትኛው ጫማ ይሻላል? መልሱ የሚገኘው ከጫማው ሳይሆን ከባለቤቱ ጉዞ ነው። የተራራ ብስክሌት በ1996 በአትላንታ የኦሎምፒክ ውድድር ሆኗል። በእንዲህ ያለው ውድድር የሚሳተፍ ሰው ሰከንዶችን ስለሚቆጥርና እምብዛም ስለማይራመድ፣ ከካርቦን የተሠራ ግትር ሶል ቢመርጥ አይፈረድበትም። ቀኑን ሙሉ እየነዳ አልፎ አልፎ የሚራመድ ሰው ብረቱ በጎድጓዳ ቦታ የተቀመጠለትን፣ ወገቡ ግትር፣ ጫፉ ግን ተጣጣፊ የሆነውን ይምረጥ። ጀማሪና በአስቸጋሪ ቁልቁለት የሚነዳ ሰው ደግሞ ዝርጉ ይሻለዋል።

9. ይሁን እንጂ አንድ ጥንድ ጫማ ብቻ ለመግዛት ዐቅም ያለውና ከመኪና መንገድ ርቆ የሚጓዝ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ለእግር ጉዞ የሚመቸውን ይምረጥ እንላለን። ምክንያቱም የሁለቱ ጉዳት እኩል አይደለም። ሶሉ በመጠኑ ተጣጣፊ በመሆኑ የሚባክነው ጉልበት ባለቤቱን ቢያዘገየው ነው። በእርጥብ ድንጋይ ላይ ብስክሌት ተሸክሞ ሳለ የሚንሸራተት ሰው ግን ቁርጭምጭሚቱ ሊሰበር፣ ረዳት በሌለበትም ቦታ ሊመሽበት ይችላል። ይህን ምክር የሚቀበል ሰው ዳገቱን ትንሽ ዘግይቶ ይወጣል፤ ከጉዞው በኋላም ውስጥ እግሩ ሊደክም ይችላል። የተወውን ዐውቆ ስለተወው ግን አይጸጸትም።

ሐ. የምንባቡ አወቃቀር

ደራሲው ፍርዱን የሰጠው በመጨረሻው አንቀጽ መሆኑን ልብ በሉ። ከዚያ በፊት ያሉት አንቀጾች ፍርዱን የሚሸከሙ ምሰሶዎች ናቸው። በአንቀጽ 1 ችግሩን ያስተዋውቃል፤ በአንቀጽ 2 የችግሩን አመጣጥ ያወሳል፤ በአንቀጽ 3 ደግሞ የችግሩን ሥር፣ ማለት የእግርን እንቅስቃሴ፣ ይገልጣል። አንቀጽ 4 እና 5 ሁለቱን የመፍትሔ መንገዶች ጎን ለጎን ያቀርባሉ። አንቀጽ 6 ገዢው በዐይኑና በእጁ የሚመረምርበትን መለኪያ ይሰጣል፤ አንቀጽ 7 ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል በእውነተኛ ታሪክ ያሳያል።

በአንቀጽ 8 እና 9 ውስጥ ደራሲው አንድም ጫማ «መጥፎ ነው» አላለም። ለእያንዳንዱ ጫማ የሚስማማውን ሰው ፈለገለት እንጂ። እንዲሁም በመጨረሻ የራሱን ምርጫ ሲናገር የምርጫውን ጉድለት አልደበቀም። አንባቢ ጉድለቱን ራሱ ከሚደርስበት ይልቅ ከደራሲው አፍ ቢሰማው ደራሲውን ያምነዋል።

መ. ሰዋስው፦ «ቢ-» እና «ቢ- … -ም»

ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

ሀ) ዝናብ ቢዘንብ ከጉዞው እቀራለሁ።
ለ) ዝናብ ቢዘንብም ወደ ጉዞው እሄዳለሁ።

በ«ሀ» የዝናቡ መዝነብ ለመቅረት ምክንያት ሆኗል፤ ስለዚህ «ቢዘንብ» የሚለው ቃል ሁኔታን ያመለክታል። በ«ለ» ግን ዝናቡ እንቅፋት መሆኑ ቢታመንም ውሳኔውን አልለወጠውም። ልዩነቱን ያመጣችው በግሱ መጨረሻ ላይ የተጨመረችው «ም» ብቻ ናት። እንዲህ ያለው ሐረግ ተናጋሪው የተቃራኒውን ሐሳብ እውነትነት ተቀብሎ የራሱን ፍርድ የሚያጸናበት ነው። ምርጫን በሚያስረዳ ድርሰት ውስጥ «የተውኩት ይህ ነው» የምንልበት ዋናው መሣሪያችንም ይኸው ነው። ኀይሉን ለማጉላት ስንፈልግ ከመነሻው «ምንም እንኳ» እንጨምራለን፤ «ምንም እንኳ ጫማው ውድ ቢሆንም ለብዙ ዘመን ያገለግላል»። «ምንም እንኳ» ካለ በመካከሉ «ግን» መጨመር አያስፈልግም።

አሁን ደግሞ እነዚህን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ተመልከቱ።

ሐ) ይህ ጫማ ለመንዳት ቢመችም ለመራመድ አይመችም።
መ) ይህ ጫማ ለመራመድ ባይመችም ለመንዳት ይመቻል።

በሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች የተነገረው እውነት አንድ ነው፤ ፍርዱ ግን ተለያይቷል። «ሐ»ን የሚያነብ ሰው ጫማውን ሊተው፣ «መ»ን የሚያነብ ሰው ሊገዛው ያስባል። በአማርኛ ዐረፍተ ነገር ማሰሪያ አንቀጹ፣ ማለት ዐረፍተ ነገሩን የሚቋጨው ግስ፣ የሚገኘው በመጨረሻ ነው። በ«ቢ- … -ም» የተነገረው ሐሳብ ይሸነፋል፤ በማሰሪያ አንቀጹ የተነገረው ሐሳብ ያሸንፋል። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት «የትኛው እውነት እንዲያሸንፍ እፈልጋለሁ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የምትመርጡትን በማሰሪያው፣ የምትተዉትን በጥገኛው ሐረግ አስቀምጡ።

ሠ. ድርሰት አጻጻፍ

አንድ ተማሪ ስለ ብስክሌት ጫማ የሚከተለውን ጻፈ እንበል።

«የሚቆልፍ ጫማ በጣም ጥሩ ነው። ሁሉም ሰው ሊገዛው ይገባል። ቀለሙም ያምራል። ዝርጉ ጫማ ግን ጥሩ አይደለም።»

ይህ አንቀጽ ፍርድ እንጂ ምክንያት የለውም። «ጥሩ» ለማን እንደሆነ አልተነገረም፤ ስለ ቀለም የተነገረውም ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም። ቢታረም እንዲህ ሊሆን ይችላል።

«የሚቆልፍ ጫማ እግርን ከፔዳል ጋር አጥብቆ ስለሚይዝ ረጅም ዳገት ለሚወጣ ሰው ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ተረከዝን ወደ ውጭ አዙሮ ማስለቀቅ ልምምድን የሚጠይቅ በመሆኑ ለጀማሪ ዝርጉ ይሻለዋል። ጀማሪው በዳገት ላይ ትንሽ ጉልበት ቢያባክንም ሚዛኑን ሲስት እግሩን ፈጥኖ ያነሣል።»

የእናንተንም ድርሰት ስትጽፉ ይህን ቅደም ተከተል ጠብቁ።

1ኛ. ዕቃው የሚያገለግለው ለማንና ለየትኛው ሥራ እንደሆነ ወስኑ።
2ኛ. ከዕቃው የሚጠበቁትን አገልግሎቶች ዘርዝሩ፤ የሚቃረኑ መኖራቸውንም መርምሩ።
3ኛ. ለእያንዳንዱ አማራጭ ጥቅሙንም ጉዳቱንም ጻፉ።
4ኛ. ከጉዳቶቹ የትኛው እንደሚከፋ አመዛዝኑ። ጊዜን የሚያጠፋና አካልን የሚጎዳ እኩል አይመዘኑም።
5ኛ. ፍርዳችሁን ስጡ፤ የተዋችሁትንም ሳትደብቁ ግለጡ።

ረ. መልመጃ

መልመጃ አንድ። ምንባቡን መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. የተራራ ብስክሌት ጫማ «ሁለት ጌቶችን ያገለግላል» የተባለው ስለምንድን ነው?
2. በ1984 የወጣው መቆለፊያ ለተራራ ጉዞ ያልተመቸው በምን ምክንያት ነው? በ1990 የወጣውስ ይህን ችግር እንዴት አቃለለው?
3. ዝርግ ጫማ በድንጋይ ላይ የሚመች፣ በጭቃ ላይ ግን የማይመች የሆነው ለምንድን ነው?
4. ደራሲው አንድ ጥንድ ጫማ ብቻ ለሚገዛ ሰው የሰጠው ምክር ምንድን ነው? በምክሩ ትስማማላችሁ? ምክንያታችሁን አስረዱ።

መልመጃ ሁለት። የሚከተሉት ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ የያዙትን ፍች ከአገባባቸው ተረድታችሁ ጻፉ፤ በየአንዳንዳቸውም አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር መሥርቱ።

የሸረሸረው፣ ግትር፣ እየተንገዳገደ፣ በቅጽበት፣ አይቋጥሩም፣ አይፈረድበትም

መልመጃ ሦስት። የሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች የሚሰጡት ፍርድ ተቃራኒ እንዲሆን፣ እውነቱን ሳትለውጡ እንደገና ጻፏቸው።

1. ቦት ጫማ ከባድ ቢሆንም ከድንጋይ ይከላከላል።
2. ለስላሳው ጎማ ፔዳሉን አጥብቆ ቢይዝም ቶሎ ያልቃል።
3. ሸራ ጫማ በዝናብ ባይሆንም በበጋ ቀላልና ምቹ ነው።
4. ምንም እንኳ መንገዱ አጭር ቢሆንም ዳገቱ አይቻልም።

መልመጃ አራት። ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ረጅም መንገድ በእግሩ የሚመላለስ አንድ ተማሪ፣ ለመጪው ዓመት አንድ ጥንድ ጫማ ብቻ ይገዛለታል። በአካባቢያችሁ ገበያ ከሚገኙት ከበረባሶ፣ ከኮንጎ ጫማ፣ ከሸራ ጫማና ከቆዳ ጫማ የትኛውን ቢመርጥ ይበጀዋል? መንገዱ ድንጋይ ወይም ጭቃ መሆኑን፣ የሚሻገረው ወንዝ መኖር አለመኖሩን፣ ጫማው ሲቀደድ ሊጠገን መቻሉንና የቤተሰቡን ዐቅም እያመዛዘናችሁ ከአምስት አንቀጾች ያላነሰ ድርሰት ጻፉ። በድርሰታችሁ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ በ«ቢ- … -ም» ተጠቀሙ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ከጎናችሁ ካለው ተማሪ ጋር ተለዋወጡና፣ ጓደኛችሁ የመረጠውን ብቻ ሳይሆን የተወውንም በግልጽ መናገሩን እየመረመራችሁ አስተያየታችሁን በደብተሩ ኅዳግ ላይ ጻፉለት።